የመካነ ኢየሱስ ሕንፃና «መጤ» የሚለው ፍርድ

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ባለው በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጥድና ባሕር ዛፍ በአንድ ምድር ላይ ይታያሉ። ጥዱ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ባሕር ዛፉ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ሆኖም ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ የሆነውን ቤት ማንም የባዕድ ቤት አይለውም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሕንፃዎች ሲነሡ ግን «የስዊድን ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ይህም ፍርድ ችኩል ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩ ይቃወመዋል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ምጽዋ መድረሳቸው እውነት ነው። በወለጋ፣ በቦጂ፣ መሠረቱን የጣለው ግን ከኤርትራ የመጣው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ነው፤ እርሱም በእሳት አደጋ እስከ ሞተበት እስከ 1905 ድረስ በዚያው በነበረው ደብር እያገለገለ ሕዝቡን በኦሮምኛ ያስተምር ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ታትሟል። እንግዲህ በቦጂ አስቀድሞ የተለወጠው ቋንቋው ነው፤ ግድግዳው እንደ ነበረ ቆየ።

ስሙም ቢሆን የአገር ነው። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የቆመው አገር አቀፍ ማኅበር «መካነ ኢየሱስ» የሚለውን ስም የወረሰው ከአዲስ አበባው ምእመናን ጉባኤ ነው። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት በ1531 ያቃጠለውን መካነ ሥላሴን የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ አሰያየም ከሰሜን አውሮፓ አልመጣም ይላል።

እውነተኛው ልዩነት በውስጥ አከፋፈሉ ላይ ነው። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተከታትለው ይከባሉ፤ ምእመን በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል፤ ታቦቱም ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። በሉተራውያኑ አዳራሽ መጋረጃው የለም። ሕዝቡ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ሰባኪውና ወደ ቅዱስ ቍርባኑ ገበታ ይመለከታል፤ ቤቱ ከማየት ይልቅ ለመስማት የተሠራ ነው። ክቡ ቤት የምሥጢርን ደረጃዎች በግድግዳ ሲያሳይ፣ አዳራሹ የተነበበው ቃል ለሁሉ እኩል እንዲደርስ ይሻል። ይህን «ባዶነት» ብሎ መንቀፍ የሕንፃውን ዓላማ አለመረዳት ነው። (የቆርቆሮው ክዳንማ የሁለቱም ነው፤ የክረምት ዝናብ ሲወርድበት ግን የበለጠ የሚጎዳው ሰባኪውን ነው።)

ሕንፃው በእርግጥ የሚነቀፍበት ስፍራ ከግድግዳው ውጭ ነው። ታቦት ከሌለ ዑደት የለም፤ ዑደት ከሌለም ግቢው ለሥርዓቱ አያስፈልግም። የደብሩ ዐውደ ምሕረት ግን የቅዳሴው ክፍል በመሆኑ፣ አካባቢው ሲራቆት ጥዱንና ወይራውን ጠብቆ አቆይቷል። ዛሬ በጉለሌ በብዙ ድካም ባሕር ዛፉን ተክቶ የሚተከለው አገር በቀል ዛፍ፣ በብዙ አድባራት ቅጥር ሳይቆረጥ የኖረው ነው። አዳራሹን የነደፉት ሰዎች መጋረጃውን ሲያነሡ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ለዛፉ መጥፋት ግን በሃይማኖታቸው ውስጥ ምክንያት አይገኝም። የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ንድፍ የሚያነሣ ተማሪ ከአዳራሹ ጋር ግቢውንም ይለካ።