የናይሮቢ ፀሐይ እና የመመሪያው መጽሐፍ፦ ዲጂታል ፎቶግራፍን ከመጽሐፍ ስለ መማር

ፎቶግራፍን ከመጽሐፍ የሚማር ሰው ከብርሃን በፊት የሚገናኘው ከቋንቋ ጋር ነው። መጽሐፉ «አንተ» እያለ ያናግረዋል፤ ያ «አንተ» በየትኛው ሰማይ ሥር እንደ ቆመ፣ ከፊቱ የተቀመጠውም ሰው መልኩ ምን እንደሚመስል ግን ደራሲው አስቀድሞ ወስኗል። ይህ አጭር ጽሑፍ በናይሮቢ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ሁለት የታወቁ የእንግሊዝኛ መመሪያዎችን ሲያነብ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚቀርበት ይመረምራል። አንደኛው የብራያን ፒተርሰን «አንደርስታንዲንግ ኤክስፖዠር» ነው፤ መጀመሪያ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሞ ኋላ ለዲጂታል ካሜራ እየታደሰ ወጥቷል። ሁለተኛው የስኮት ኬልቢ «ዘ ዲጂታል ፎቶግራፊ ቡክ» ሲሆን የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 እ.ኤ.አ. ለንባብ በቃ። የጽሑፌ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ምክንያትን የሚያስተምር መመሪያ አገር ይሻገራል፤ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ግን ከተጻፈበት ሰማይ ሥር ይቀራል።

ከኬልቢ እንጀምር። አንባቢያቸውን አብሯቸው ፎቶ ለማንሳት እንደ ወጣ ጓደኛ ያዩታል፤ ሳይንሱን ወደ ጎን ትተው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ይነግሩታል። አንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። ይህ አቀራረብ ጀማሪን ከፍርሃት ያወጣዋል፤ በአንድ ምሽት ንባብ በማግስቱ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ትእዛዙ ስለ ፀሐይ ሲሆን ነው። ኬልቢ የመልክዓ ምድር ፎቶ የሚነሳው በንጋትና በምሽት ብቻ መሆኑን እንደ ሕግ ያስቀምጣሉ። ሕጉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ሕግ ብቻ የያዘው አንባቢ ወደ ራሱ አገር ሊመልሰው አይችልም።

ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 1.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ስፍራ ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ስለዚህ ከአድማሱ በላይ የቀራትን 6 ዲግሪ በ24 ደቂቃ ያህል ትጨርሰዋለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት በለንደን አግድም እያዘነበለች ስለምትወርድ ይኸው ጉዞ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጅባታል። መጻሕፍቱ «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት በናይሮቢ ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ትሪፖዱን ዘርግቶ ሌንስ ሲመርጥ የቆየ ተማሪ ብርሃኑ ሲያመልጠው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ከመጽሐፉ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ይገኛል። አማርኛም ሆነ ስዋሂሊ የቀንን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ነው፤ የእኛ «አንድ ሰዓት» የስዋሂሊው «ሳ ሞጃ» ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ይህ አቆጣጠር የፀሐይን ከፍታ ይናገራል። በናይሮቢ ፀሐይ የምትወጣው በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ ሰዓት ግማሽ ቀንሶ የቀረውን በ15 ማባዛት ከፍታዋን በግምት ይሰጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ 45 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር ይተካከላል። በ6 ሰዓት ተኩል ከአናት በላይ ስትሆን ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሸፈናል፤ የሰውን መልክ ለማንሳት የሚሻ ወደ ታዛ ይጠጋል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሕጉን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም።

የፒተርሰን መጽሐፍ ብርታት ምክንያትን በማስቀደሙ ላይ ነው። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንደሚገምት ያስረዳል። እርግጥ እሱም ከአገሩ አልወጣም። አረንጓዴ ሣርን ለክቶ ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ስለ መቀነስ ያስተማረበትን ዘዴ «ሚስተር ግሪን ጂንስ» ብሎታል፤ ይህ «ካፒቴን ካንጋሩ» ከተባለው የአሜሪካ ሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት የመጣ ገጸ ባሕርይ ነው። በኢስሊ መንገድ ለሚያነብ ሰው ስሙ ባዶ ነው። ምክንያቱ ግን አብሮ ስለ ተሰጠው ስሙን ጥሎ ዘዴውን መያዝ ይችላል።

ፈተናው የሚመጣው በነጠላ ነው። በሐበሻ ሠርግ ላይ ነጭ ልብስና ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በአንድ ምስል ውስጥ ይገናኛሉ። ነጩ ሲበዛ መለኪያው ወደ ግራጫ ሊያወርደው ሲል ምስሉን ያጨልማል፤ ፊቱም አብሮ ይጠፋል። ፊቱ ብቻ ሲለካ ደግሞ ብርሃኑ ከልክ ያልፍና የነጠላው ድርና ማግ ይታጠባል። ለዚህ የሚረዳው መዳፍን የመለካት ዘዴ ነው፤ መዳፍ ከግራጫው በአንድ ስቶፕ ገደማ ስለሚፈካ፣ በዚያው ብርሃን ለክቶ ያን ያህል መጨመር ነው። የመዳፍ ቀለም ከሰው ሰው የሚለያየው ከፊት ቀለም ባነሰ መጠን ስለሆነ ዘዴው ለእኛም ይሠራል። ሎርና ሮት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በፊልም ዘመን የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት መልክን መነሻ አድርገው ኖረዋል። መነሻውን የማያውቅ ተማሪ የጨለመውን ፊት የመልኩ ጉድለት አድርጎ ይቀበለዋል።

ጉዳዩ የሙያ ብቻ እንዳልሆነ ናይሮቢ ራሷ ታስታውሰናለች። በ1943 እ.ኤ.አ. በዚህችው ከተማ የተወለደው ሞሐመድ አሚን በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. በኮረም የቀረጸው ምስል፣ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ቀርቦ ረሃቡን ለዓለም ገለጠ። ሥራው ሕይወት አድኗል። በምስሉ ውስጥ የነበሩት ግን ስለ ብርሃኑም ሆነ ስለ አቀራረጹ የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም። ዛሬ በናይሮቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ካሜራውን በእጁ ይዟል፤ የሚጎድለው የራሱን ሰው መልክ በልኩ ማውጣት የሚያስተምረው መመሪያ ነው።

እንግሊዝኛው ፎቶ «መተኮስ» ሲል ስዋሂሊው «ኩፒጋ ፒቻ» ብሎ ምስልን ይመታል። በአማርኛ «ፎቶ አንሳኝ» ስንል የግሡ ተሳቢ ሰውየው ነው፤ የሚነሳው እሱ ነው። አፐርቸር፣ ሹተርና አይኤስኦ በተውሶ ስማቸው ቢቀሩ ጉዳት የለውም፤ ባለሙያውም እንዲሁ ይጠራቸዋል። ወደፊት የሚጻፍ የአማርኛ መመሪያ ግን ምሳሌዎቹን ሊዋስ አይገባም። የመጀመሪያው ትምህርቱ ነጠላ የለበሰች ሴት በታዛ ሥር፣ ሁለተኛው በራሳችን ሰዓት የተቆጠረች ፀሐይ ትሁን። የኬልቢን የጓደኛ አንደበት ከፒተርሰን ምክንያት ጋር ቢያዋሕድ፣ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ ዓይን መለካት ይችላል።