ባለ ጊንጡ ማርሚታ

የመኪና ማርሚታ የሚበላሸው ከውስጥ ነው። የውጭ ጥቁር ቀለሙ ሳይላጥ፣ የጫፉ ክሮም እያብለጨለጨ፣ ሆዱ ተበልቶ ያለቀ ማርሚታ ብዙ ነው። በላተኛው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ይንጠባጠባል፣ በጭሱ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ዝቅ ወዳለው መጋጠሚያ ይወርዳል፣ እዚያው ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ሩቅ አገር የሚነዳ መኪና ይህን ውሃ አድርቆ ያስወጣዋል። ያረጀና የተወደደ የስፖርት መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይውላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ተነሥቶ ጥቂት ዞሮ ይመለሳል። ለማርሚታ ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም።

በዐይኔ ፊት ያለው የፊያት አባርት 595 ማርሚታ ነው። መኪናዋ ትንሽ ናት። መሠረቷ ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት፣ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣችው ፊያት 500 ስትሆን ባለ ሁለት ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተሯ ከኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሴቼንቶ ታክሲ የተሳፈሩ ሰዎች የዚያችን ታናሽ ያስቡ። በ1908 ቪየና የተወለደው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ካርሎ አባርት በ1949 ኢጣሊያ ውስጥ ድርጅቱን አቋቋመ። ስሙን ያስጠሩት የእሽቅድምድም መኪኖቹ ናቸው፤ ገንዘቡን በብዛት ያመጡለት ግን የኮከቡ ምልክት የሆነው ጊንጥ የተለጠፈባቸው ማርሚታዎች ነበሩ። 595 በ1963 ስትወጣ 27 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ የመጀመሪያዋ ፊያት 500 የነበራት 13 ብቻ ነው።

ተራ ማርሚታ ጭሱን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞረ ድምፁን ያደክመዋል፤ አብሮም ሞተሩን ያፍነዋል። አባርት የታወቀበት አሠራር ሌላ ነው። ጭሱ በቀዳዳ በተሞላ ቀጥ ያለ ቱቦ ሳይታገድ ያልፋል። ድምፁ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ቱቦውን በከበበው የመስታወት ጥጥ ውስጥ ይገባና በጭረቶቹ መካከል ተፋትጎ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሚቀረው ወፍራምና የተገራ ድምፅ ነው። ጥጡ ከዓመታት ብዛት ሲቃጠልና በቀዳዳዎቹ ተነቅሎ ሲወጣ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህን ጩኸት እንደ ጉልበት ቆጥረው የሚደሰቱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጉልበቱ እዚያው ነው፤ የጎደለው ዜማው ነው።

ጎበዝ ጠጋኝ መጀመሪያ መፍቻ አያነሣም፤ ያንኳኳል። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የሳሳው ደፍኖ ይመልሳል። ደፍኖ የመለሰውን ቦታ በጠመኔ ይከብበዋል። ከዚያ ማርሚታውን ወደሚይዙት ዳዶዎች ይሄዳል። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው፤ የሞተሩ ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ነውና በጉልበት የተፈታ ብሎን አንገቱ ላይ ይቆረጣል፣ ስሩ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዳዶውን ያሞቀዋል፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጣዋል፣ ይጠብቃል። ሲይዘው ደግሞ ቀድሞ ወደ ማጥበቂያው በጣም በጥቂቱ ይገፋውና ከዚያ ነው የሚመልሰው። ያች ጥቂት ግፊት ዝገቱን ትሰብራለች።

በጣም የምወደው ክፍል አከፋፈቱ ነው። የማርሚታው ክዳኖች በገላው ላይ የታጠፉት ልብስ ሰፊ ጠርዝ እንደሚቀመቅም ነው፤ አንዱ ላሜራ ሌላውን አቅፎ ተጨፍልቋል። ግራይንደር በአንድ ደቂቃ ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ግን እጥፋቱ አለቀ፣ ተመልሶም አይታጠፍም። ዐዋቂው ቀጭን መሮ አስገብቶ ጥቂት ያነሣል፣ ማርሚታውን ያዞራል፣ እንደገና ጥቂት ያነሣል። ቸኩሎ አንድ ቦታ ላይ አብዝቶ ካነሣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ክዳኑ ሲወጣ የከሰለውን ጥጥ ጠርጎ ባለ ቀዳዳውን ቱቦ በመብራት ያያል። ቱቦው ራሱ ካለቀ ሙሉ ማርሚታ መቀየር ትክክል ነው፤ በሞተ ቱቦ ላይ የተደከመበት ውጭ ለማንም አይጠቅምም። ቱቦው ደህና ከሆነ ግን መጣል ኃጢአት ይመስለኛል።

የተበላው ቦታ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ይቆረጣል፤ ማዕዘኑ ክብ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። አዲሱ ቁራጭ በላይ አይደረብም። ድርብ ላሜራ በመካከሉ ውሃ ያቁራል፣ በሽታውም ይመለሳል። ቁራጩ በጉድጓዱ ልክ ተሞርዶ ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል። ብየዳውም በአርጎን፣ ነጥብ ነጥብ ነው፤ አንዱ እዚህ፣ ቀጣዩ በወዲያኛው ዳር፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ በመካከል። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ላሜራ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደች ትጣመማለች፤ የተጣመመ ገላ ደግሞ ክዳኑን አይቀበልም። በስተመጨረሻ ብየዳው በሞረድ ሲስተካከል የድሮውና የአዲሱ ድንበር በጣት ዳሰሳ አይገኝም።

አዲሱ ጥጥ ከመጠቅለሉ በፊት ቱቦው ላይ የማይዝግ የብረት ጭረት ይለበሳል፤ ጭሱ ጥጡን እንዳይነቅለው ይይዘዋል። አጠቃቀሉም ልክ አለው፤ እጅግ ከታጨቀ ድምፅ አይገባበትም፣ ከላላ ይበተናል። ይህን ልክ የሚያውቀው መዳፍ ነው። እጥፋቱ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ተመልሶ ይተኛል፣ አንዱ አፍ ተደፍኖ በሌላው ቀስ ያለ አየር ይገባል፣ የሳሙና ውሃ ይቀባል፣ አረፋ ይፈለጋል። ከታች ያለችው ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ትታለፋለች። ዝገት የበሳት መስሏቸው የሚበይዷት አሉ፤ የጠገኑትን ማርሚታ በገዛ እጃቸው ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

ማርሚታው ቀለም ተቀብቶ ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ፣ ዳዶዎቹ የማይጣበቁት የመዳብ ዓይነት ይሆናሉ። ሁሉም ዳዶ በላላው ተይዞ ማርሚታው ቦታውን እስኪያገኝ ይወዘወዛል፤ ከዚያ ከቴስታታው በኩል ተጀምሮ ወደ ማቀፊያው ይጠብቃል። ተጎትቶ የታሰረ ማርሚታ በሞተሩ ንዝረት ብየዳው ይከፈታል። ሞተሩ ሲነሣ ከአዲሱ ቀለም ጥቂት ጭስና ሽታ ይወጣል፤ ጉድለት አይደለም። መኪናዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቆም ትነዳለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ዳዶዎቹም አንዴ ተመልሰው ይጠብቃሉ።