የልጁ ቃልና የአባቱ ብዕር፦ «ትንሹ ሃንስ»ን ደግሞ ማንበብ

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመውና «ትንሹ ሃንስ» በመባል የሚታወቀው ጽሑፍ ለሕፃናት የሥነ ልቡና ሕክምና መነሻ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የቪየና ልጅ፣ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ይፈራል። አባቱ፣ የሙዚቃ ሐያሲው ማክስ ግራፍ፣ የፍሮይድ ተከታይ ነበርና ልጁን ዕለት ዕለት እየጠየቀ መልሱን ይመዘግባል፤ ማስታወሻውንም ለሐኪሙ ይልካል። ፍሮይድ በሕክምናው ወራት ልጁን ያነጋገረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1908 ነበር።

እንግዲህ በጽሑፉ ውስጥ የሚፈራ ልጅ፣ የሚጠይቅና የሚጽፍ አባት፣ የሚፈታ ሐኪም አሉ። ልጁ የተናገረው ምን ያህል ተሰማ? የዚህ ሒስ ጥያቄ ይኸው ነው።

ልጁ የፍርሃቱን መነሻ ራሱ ይናገራል፦ ከእናቱ ጋር መንገድ ላይ ሳለ፣ ሰው የሚያመላልስ ሠረገላ የሚጎትት ትልቅ ፈረስ ወድቆ እግሮቹን ሲያንፈራግጥ አይቷል። እናቱም ይህንኑ አረጋግጣለች። አባትና ሐኪም ግን በዚህ አልረኩም። ፈረሱ አባት ነው፤ በአፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ነገር የአባት ሪዝ፣ የዓይኑ መከለያም የአባት መነጽር ነው ይሉናል። አባትየው ፍቺውን አስቀድሞ በጥያቄው ውስጥ ያስገባል፤ ልጁም አንዳንዴ እሺ፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ልጁ በራሱ ሊናገራቸው ያልቻላቸው ብዙ ነገሮች በሌላ ሰው እንደ ተነገሩት ፍሮይድ ራሱ አልሸሸገም። ጆሴፍ ዎልፒና ስታንሊ ራክማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ሒስ፣ ማስረጃው ትርጓሜውን አይሸከምም ያሉት በከንቱ አይደለም። ሃንስም ቢሆን የዋዛ ሐያሲ አልነበረም፤ ከፍሮይድ ዘንድ ሲመለሱ፣ ፕሮፌሰሩ ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ አባቱን ጠይቋል።

ለጽሑፉ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ግን አይገባም። የልጅ ፍርሃት በቁጣ ጸጥ በሚሰኝበት ዘመን ሃንስን ማንም አልገሠጸው፣ ማንም አልሣቀበትም። ፍርሃቱም ቀስ በቀስ ለቀቀው። ያዳነው ፍቺው ይሁን ወይስ መደመጡ፣ ጽሑፉ ሊለይልን አይችልም።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ሌላ መንገድ አሳየች። ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር ጥንቸል ይፈራ ነበር። እርሷም የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በሽቦ ቤት አድርጋ ከሩቅ አሳየችው፤ ከዚያም ቀስ በቀስ አቀረበችለት፤ በመጨረሻ ጥንቸሏ ጣቶቹን ስትነካካ ዝም ብሎ እስኪያያት ድረስ ለመዳት። ዛሬ ለልጆች ፍርሃት የሚሰጠው ደረጃ በደረጃ የማለማመድ ሕክምና ከዚህ ሥራ ይዘመዳል። ጆንስ ያየችውን ጻፈች፤ ፒተር የተመለሰበት ቤት አስቸጋሪ መሆኑንም አልደበቀችም። ፍሮይድ ይህ ዓይነቱ ትሕትና ይጎድለዋል።

«ትንሹ ሃንስ»ን ደግሜ እንዳነብ ያደረገኝ በስደት ያየሁት ነገር ነው። አንዲት ያገራችን እናት የ13 ዓመት ልጇን ወደ ሥነ ልቡና አማካሪ ስትወስድ በመኪናዬ አደረስኳቸው፤ ብቻዬን አልገባም ብላም አብሬ ገባሁ። እናቲቱ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚው ልጁ ራሱ ሆነ። «ልጄ ሌሊት አይተኛም፤ አባቱ ከተለየን ወዲህ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ አንዳንዴ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ» አለች። ልጁ አማካሪዋን ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ትንሽ ይደክመኛል» ብሎ ተረጎመ። አማካሪዋም ጻፈች። በቪየና አባት ልጁ ያላለውን ጨመረበት፤ እዚህ ልጁ ስለ ራሱ የተባለውን ቆረጠ። ሙያውን የሚያውቅ አስተርጓሚ ይቅረብ ማለት ይገባኝ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማው እኔ ግን የሰው ጓዳ መግባት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ትንሹ ሃንስ አድጎ ኸርበርት ግራፍ የተባለ ስመ ጥር የኦፔራ አዘጋጅ ሆኗል። በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ፍሮይድን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ቢያነብ ራሱን እንዳላወቀበት ነገረው። ያ የ13 ዓመት ልጅም አድጎ መዝገቡን ቢያገላብጥ «ትንሽ ይደክመኛል» የሚለውን ያገኛል። የጎደለውን የእናቱን ቃል በዚያ ክፍል ሰምቼ የተውኩት እኔ ነኝ።