«የሱስ አማካሪ»፦ ስለ አንድ የሙያ ስያሜና ስለ ተጓዳኝ ቃላቱ የቀረበ ሂስ

በሱስ የተያዘን ሰው ወደ ጤናው እንዲመለስ የሚያግዝ ባለሙያ በአገራችን «የሱስ አማካሪ» እየተባለ መጠራት ከጀመረ ሰንብቷል። ሙያው ራሱን የቻለ ሥልጠና፣ ፈተናና የብቃት ማረጋገጫ ይኑረው ሲባል ደግሞ የቃላት ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስያሜውንና ከእርሱ ጋር የሚሄዱትን ቃላት መመርመር ነው። ለምርመራችን ጂንካንና ደቡብ ኦሞን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሪ፣ የሐመርና የማሌ ኦሞአዊ ቋንቋዎች፣ የዳሰነችና የአርቦሬ ኩሻዊ ቋንቋዎች፣ የሙርሲና የኛንጋቶም ዓባይ-ሰሐራዊ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት አገር የአማርኛ የሙያ ቃል ጉድለቱን ሊሸሽግ አይችልም።

ከስያሜው እንነሣ። («የሱስ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢ አስቀድሞ የጌታን ስም የሚያነብበት ጊዜ አለ፤ ዐውዱ ስለሚያርመው አናከርረውም።) «አማካሪ» የሚለው ቃል አስገራሚ ጠባይ አለው። «ሐኪም አማከርሁ» ስንል የግሡ ባለቤት ምክር ፈላጊው ነው። በዚህ ሥርዓት «አማካሪ» ጠያቂው ሊሆን በተገባ ነበር፤ ልማድ ግን ስሙን ለተጠያቂው ሰጥቶታል። ይህ ስሕተት አይደለም። ግሡ ከ«ተማከረ» ጋር ስለሚዛመድ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጉዳይ ላይ ያስቀምጣቸዋል። «መካሪ» ግን እንዲህ አይደለም፤ ከዐዋቂ ወደ አላዋቂ የሚወርድ ቃል ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት የ«መከረ»ን መንገድ እስከ መጨረሻው ያሳያል፦ ምክር ያልሰማ ለቅጣት ይተዋል።

የዛሬው ሙያ ከዚህ ተረት ተቃራኒ በሆነ አስተሳሰብ ላይ ቆሟል። ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የቃለ ምልልስ ስልት ባለሙያው እንዳይገሥጽና እንዳይከራከር ያስተምራል፤ የመለወጡን ምክንያት ባለጉዳዩ በራሱ አንደበት እስኪናገር ይጠብቃል። እንግዲህ «አማካሪ» የተገባ ምርጫ ነው። የሚያሳዝነው በስሙ አማካሪ የተባለው ሰው ተግባሩ ሲዘረዘር «ይመክራል፣ ምክር ይሰጣል» መባሉ ነው። ለዚህ የኤድስ ወረርሽኝ ዘመን አንድ ምክንያት ይመስለናል፤ «የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት» በመላ አገሪቱ ሲስፋፋ «ምክር» የሙያ ቃል ሆኖ ቀረ። በበኩላችን «ያማክራል፣ ያነጋግራል» እንዲባል እንመርጣለን። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ ሠልጣኙ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ለማድረግ እንደ ተቀመጠ የሚነግረው ይኸው ግሥ ነው።

ስለ «ሱስ» ብዙ ተብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ሱስንና ልማድን ለይተው ተረጐሙ፤ በ1964 ሁለቱንም ትተው «ጥገኝነት»ን የሚመስል ቃል አመጡ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2013 ይህንንም ለውጦ ስለ «መታወክ» መናገር ጀመረ። እኛ እያንዳንዱን ለውጥ በየተራ ወደ አማርኛ ልንገለብጥ አይገባንም። «ጥገኝነት» ለስደተኛና ለሌላው ሀብት ተደጋፊ ተይዟል፤ «ጥገኛ» ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ያስታውሳል። «ሱሰኛ» የሚለውን መንቀፍ ግን ተገቢ ነው፤ እንደ «ነገረኛ»ና እንደ «ውሸተኛ» ሁሉ ነገሩን የሰውዬው ባሕርይ ያደርገዋል። መፍትሔው ረጅም የተሰፋ ሐረግ አይደለም፤ ሕዝቡ ዱሮውኑ «ሱስ ያዘው» ይላል። ጉንፋን እንደሚይዝ ሱስም ይይዛል፤ የያዘ ይለቃል። «ሱስ የያዘው ሰው» ማለት ለባለሙያም ለባለጉዳይም ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው «አደንዛዥ ዕፅ» ነው። ዕፅ በግዕዝ እንጨት፣ ተክል ነው፤ ዕፀ በለስን ያስታውሷል። ጫት ዕፅ ነው፤ ይሁንና በውስጡ ያለው ካቲኖን ያነቃቃል እንጂ አያደነዝዝም። አረቄ ያደነዝዛል፤ ዕፅ ግን አይደለም። በጂንካ አካባቢ ዋነኛ ጭንቀት የሆነው አረቄ ስለሆነ፣ ስለ «አደንዛዥ ዕፅ» ብቻ የሠለጠነ ሰው ወደ ቅዳሜው ገበያ ሲወጣ የተማረውን አያገኝም። «ሱስ አስያዥ ነገር» ቢባል ሁሉንም ያቅፋል፤ ከ«ሱስ ያዘው» ጋርም ይስማማል።

በሌላ በኩል ሕዝቡ የሠራቸው ቃላት ሳይነኩ ተቀምጠዋል። «ሐራራ» ሱስ የያዘውን ሰው ጥማት ከነመቅበጥበጡ ይገልጻል። «ምርቃና»ና እርሱን ለመስበር የሚጠጣው «ጨብሲ» ጫትና መጠጥ እንዴት እንደሚጎተቱ በሁለት ቃል ያስረዳሉ። ትቶት የነበረ ሰው ሲመለስበት «ዳግም ወደቀ» ሲባል እንሰማለን፤ ይህ የንስሓ ቋንቋ ነው። ወባና ቁስል እንደሚያገረሽ ሱስም «አገረሸበት» ማለት ይቻላል፤ ያገረሸ በሽታ ይታከማል፤ ማንም አይፈርድበትም።

ትርጉም ብርቱ ፈተና የሚገጥመው በመለኪያ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው የመጠጥ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ ስንት መጠጥ እንደሚጠጣም ይጠይቃል። አንዱ መጠጥ ዐሥር ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል የያዘ ነው። ይህን «መደበኛ መጠጥ» ብሎ መተርጐም ምንም አይነግርም። አረቄ በመለኪያ ይቀዳልና ስሌቱ ይቻል ይሆናል። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ቅል የሚጠጣው የማሽላ ጠላ፣ በሐመርኛ ፓርሲ የሚባለው፣ እንዴት ይቈጠራል? በአማርኛ «ይጠጣል» ማለት አልኮል ይጠጣል ማለት ነው፤ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ቢያሻግረው ሰውዬው ስለ ውሃ ወይም በየማለዳው ስለሚፈላው የቡና ገለባ፣ ስለ ሾፎሮ፣ ሊመልስ ይችላል። መልሱ ግን በቅጹ ላይ በቍጥር ይሰፍራል፤ ሕክምናውም ከዚያ ቍጥር ይነሣል።

ስለ ማረጋገጫው ቃላት ጥቂት እንበል። «ሰርተፊኬት» ዛሬ ሦስት ነገር ይሸፍናል፦ ሥልጠና ለመከታተል የሚሰጠውን፣ በፈተና የሚገኘውን፣ መንግሥት ለመሥራት የሚፈቅደውን። የመጀመሪያው «የተሳትፎ ምስክር ወረቀት»፣ ሁለተኛው «የብቃት ማረጋገጫ»፣ ሦስተኛው «የሙያ ፈቃድ» ይባል። በኮሎምቦ ፕላን ሥር እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ማዕከል ለሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው፤ በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለውም ከዚሁ ይመደባል። ስሙ ካልተለየ የአምስት ቀን ተሳታፊ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አማካሪ ነኝ ቢል የሚከለክለው ቃል የለም።

የፈተናውም ቋንቋ ሊታሰብበት ይገባል። በአሪኛ ወይም በሙርሲኛ ሰው ማነጋገር የሚችል ዕጩ በ«ጥገኝነት» ፍቺ ስለ ተሰናከለ ሊወድቅ፣ አማርኛውን ያጠና ግን ከባለጉዳዩ ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከፈተናው አንዱ ክፍል በቃል፣ በባለጉዳዩ ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ አማካይነት እንዲሰጥ እናሳስባለን፤ አስተርጓሚውም ከአማካሪው ጋር አብሮ ይሠልጥን።