ጉማጅ ግንድ የታቀፈችው ሴት

ባለፈው ሻባት በወጣ ማታ አርሞን ሃናጺቭ እናቴ ቤት ሦስት ትውልድ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ያየነው «ትዊን ፒክስ» የተባለውን የቆየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት ይህ ድራማ በኤቢሲ ጣቢያ የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መነሻው ሎራ ፓልመር የተባለች ወጣት መገደል ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙ ተመልካቾች ድራማውን በቪዲዮ ካሴት እየቀዱ፣ እየመለሱ እያዩ፣ በየዕቃው ላይ ይከራከሩ ነበር። ለሁለት የተከፈለው የልብ ቅርጽ ሐብል ግማሹ ማን ዘንድ ነው? ጉማጅ ግንድ እንደ ሕፃን ታቅፋ የምትዞረው ሴትስ ግንዱ ያየው ነገር አለ ስትል ምን ማለቷ ነው?

እኛም ቤት ክርክሩ ተነሣ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ፣ «ግንዱ ምልክት ነው፤ መፍቻው ኋላ ይመጣል» አለ። የዕብራይስጡን ጽሑፍ የማታነበው እናቴ ግን፣ «ልጄ፣ ይቺ ሴት ሐዘን አለባት» አለች። ልክ ነበረች፤ ሴትየዋ ባሏን በእሳት አደጋ ያጣች ናት።

በእኔ አስተያየት የድራማው ጥንካሬም ድክመትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ግንዱና ሐብሉ የሚከብዱት የሰው ሕይወት ስላረፈባቸው ነው። ጣቢያው ስለ ገፋፋ ገዳዩ በኖቬምበር 1990 ተገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ላላ። በቼዝ ጠጠሮች የሚያስፈራራ ባላጋራ መጣ፤ ጠጠሮቹ ግን ብልጠት እንጂ ትዝታ የለባቸውም። ተመልካቹ ሸሸ፤ ድራማውም በ1991 ተቋረጠ። በእንቆቅልሽ ያደግን ሰዎች ይህን ስሕተት እናውቀዋለን። መልሱ የሚነገረው ያላወቀው ሰው አገር ከሰጠ በኋላ ነው። ጣቢያው አገር ሳይቀበል መልሱን ተናገረ።

የግንዱ ምስጢር ግን ሳይፈታ ቆየ። በ2017 በቀረበው ሦስተኛ ዙር ተዋናይዋ ካትሪን ኮልሰን በጠና ታማ ግንዱን እንደ ያዘች ትሰናበታለች። ክፍሉ ሲታይ እርሷ አርፋ ነበር፤ የሞተችው በ2015 ነው።

በሥራዬ ከወላጆች ብዙ ጊዜ የምሰማው ቃል፣ «ልጄ ዕብራይስጥ፣ እኔ አማርኛ፤ የምናወራው የለንም» የሚል ነው። ዕቃን ለመተርጐም ግን ዕብራይስጥ አያስፈልግም። ድራማው ግድያ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ለጐረምሶች ግን አብራችሁ እዩ፣ ተከራከሩም።

በዚያ ማታ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የእህቴ ልጅ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ከጎንደር የመጣ ሰፌድ አየና፣ «ሳቭታ፣ ይኼስ ምን አይቷል?» ብሎ ጠየቀ። ስንት ዓመት እዚያው ሲቀመጥ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እናቴ ሳቀችና፣ «መጀመሪያ አገር ስጠኝ» አለችው።

«ኢየሩሳሌምን» አላት።

«እሷንማ አንተ አትሰጠኝም፤ በእግሬ ተጉዤ ነው ያገኘኋት» አለችና ታሪኩን ጀመረች።