ሲግጥ የሚውል ዓሣ

ሰርጅንፊሽ በሞቃታማ ባሕሮች፣ በኮራል ሪፍ ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ከ80 በላይ ዝርያዎች አሉት። በጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ምላጭ የመሰለ እሾህ ስላለው በቀዶ ሐኪም ተሰየመ፤ ነጋዴዎች ግን ባጭሩ «ታንግ» ይሉታል። ከቀይ ባሕር ተይዘው ለቤት አኳሪየም ከሚሸጡት መካከል ሁለቱ ይበልጥ ይታወቃሉ፦ ጅራቱ ቢጫ የሆነው ሐምራዊ ታንግ እና ጎኑ በሰማያዊ መስመሮች የተሸነተረው ሶሃል። ለሶሃል ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ፔር ፎርስኮል ነው። ከዴንማርክ መንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ወደ ዓረቢያ ዘልቆ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነበር።

ሁለቱ ዓሦች በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ቢሸጡም ለአርቢው እኩል አይደሉም። ሐምራዊው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ሶሃል 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በተፈጥሮው ማዕበል የሚመታውን የሪፍ ጠርዝ ተከፋፍሎ፣ ድርሻውን ከሌላው እየጠበቀ የሚኖር ነው። ይህ ጠባዩ ገንዳ ውስጥ ሲገባ አይለቀውም፤ ሲያድግ ገንዳውን በሙሉ የራሱ ያደርጋል። በሱቅ ሲታይ መዳፍ የማይሞላ ውብ ፍጥረት መሆኑ ብዙ ገዢ አታሏል። ለተራ መኖሪያ ቤት የሚሆን ዓሣ አይደለም።

ለሐምራዊው ታንግ 400 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ገንዳ ያስፈልጋል። ከጥልቀቱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፤ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲዋኝ የሚውል ነውና። ሌሊት የሚሸጎጥበት የድንጋይ ስንጥቅም ይፈልጋል።

የአያያዙ ዋና ጉዳይ ግን ሆዱ ነው። ሰርጅንፊሽ ከንጋት እስከ ምሽት ከድንጋይ ላይ አልጌ ይግጣል። ምግቡ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ስለሆነ ብዙ መብላት አለበት፤ አንጀቱም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት በቀይ ባሕር ቡናማ ሰርጅንፊሽ አንጀት ውስጥ ያለ አጉሊ መነጽር ሊታይ የሚችል፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት መገኘቱን ገለጸ። ባክቴሪያ መሆኑ የተረጋገጠው በ1993 ነበር። ይህን ዓሣ የሚመግብ ሰው ከዓሣው ጋር አንድ ሙሉ የአንጀት ማኅበረሰብ ይመግባል ማለት ነው። በቀን አንድ ጊዜ ቆንጥሮ ሥጋ ነክ ምግብ መበተን ለሌላው ዓሣ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ቀስ በቀስ ማስራብ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ሱሺ የሚጠቀለልበት ኖሪ የተባለ የደረቀ የባሕር አልጌ ነው። ጨው፣ ዘይትም ሆነ ቅመም ያልነካው ይመረጣል። ጠዋት በመቆንጠጫ ከመስታወቱ ጋር ተያይዞ ይተዋል፤ ዓሣው እየተመላለሰ ይቦጭቀዋል። ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ የባሕር እንስሳት በጎን ይጨመራሉ እንጂ ዋና ምግብ አይደሉም። የምግቡ ማነስ ከፊት ሲታይ ይታወቃል፦ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ጀርባም ይሰላል።

የሚበዛ ምግብ የሚበዛ ቆሻሻ ነውና ማጣሪያውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም ገደማ ይሁን፤ አሞኒያና ናይትራይት ፈጽሞ አይታዩ። ኦክስጅን ደግሞ ለዚህ ዋናተኛ ቅንጦት አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የውሃውን ፊት የሚያናውጥ ብርቱ ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ እዚህ የግድ ነው።

ብዙ ሰርጅንፊሽ የሚያልቀው ክሪፕቶካርዮን በተባለው ጥገኛ ተሕዋስ፣ በነጭ ነጥብ በሽታ ነው። ዓሣው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ድንጋይ ላይም ይታከካል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጥቦቹ ሲጠፉ አርቢው ዳነልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ተሕዋሱ ግን ከዓሣው ወርዶ አሸዋና ድንጋይ ላይ በእንቁላል መሰል ከረጢት ተሸፍኖ እየተባዛ ነው፤ አንዱ ብዙ መቶ ሆኖ ይመለሳል። ሁለተኛው ዙር ብዙውን ጊዜ ገዳይ ነው። ስለዚህ አዲስ ዓሣ አራት ሳምንት ያህል ለብቻው በለይቶ ማቆያ ገንዳ ይቆያል፤ የመዳብ መድኃኒት ካስፈለገም እየተለካ እዚያው ይሰጠዋል። መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚገድል ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም። በሽታው ዋናው ገንዳ ከደረሰ ዓሦቹ በሙሉ ወጥተው ይታከማሉ፤ ጠንቃቃ አርቢዎች ገንዳውን 76 ቀን ያለ ዓሣ ያቆዩታል።

ከማቆያ ወደ ዋናው ገንዳ ሲዛወር በመረብ አለመያዙ ይሻላል፤ እሾሁ ይጠላለፋል፣ እጅም ይቆርጣል። ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ጠበኛ ስለሆነ ከሌሎቹ በኋላ፣ በመጨረሻ ይግባ። የራሱን መልክ የሚመስል ዓሣ ካለ ጠቡ ይከፋል፤ ከገንዳው ውጭ መመልከቻ መስተዋት ተደግፎ ለጥቂት ቀናት ቢቆም፣ ነባሩ ከምስሉ ጋር ሲፋለም እንግዳው ፋታ ያገኛል።

ገዢ ከመክፈሉ በፊት ዓሣው ሲበላ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ የማይበላ ታንግ በቅናሽ ዋጋም አይገዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ደግሞ ከባሕር ከተያዘው ይልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሃዋይ ውስጥ በሰው እጅ ለማራባት የተቻለውን ቢጫ ታንግ ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ በገንዳ ተወልዶ ያደገው ሰው የሚሰጠውን ምግብ ገና ከሱቅ ለምዶ ይመጣል።