እንግዳው ልጅና የደሴቱ ሰዎች

ለልጆች ከሚጻፉት መጻሕፍት መካከል የደሴትን ታሪክ ያህል የተወደደና የተደጋገመ ጥቂት ነው። አንድ ሕፃን ከእናት ከአባቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ ብርድ ወደማይታወቅበት ወደ ሐሩር ደሴት ይሄዳል፤ በነጭ አሸዋ ላይ ሲሮጥ፣ በዘንባባ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ ከማዕበሉ ጋር ሲጫወት ይሰነብታል፤ በመጨረሻም ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ኪሱን ዛጎል ሞልቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የታሪኩ አካል ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የዋህና ንጹሕ ታሪክ ያለ አይመስልም።

ዳሩ ግን ይህ የዋህ መስሎ የሚታየው ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ይኸውም ልጁ የሰነበተበት ደሴት የማን ነው? የሚል ነው። ጥያቄውን በግልጥ የሚያነሣ ደራሲ አለ፤ ዝም ብሎ የሚያልፍም አለ፤ ዝም ያለውም ቢሆን በዝምታው መልስ መስጠቱ አይቀርም። እኛም በዚህ ጽሑፍ በልዩ ልዩ ዘመን የተጻፉትን ጥቂት መጻሕፍት በዚህ አንድ ጥያቄ ለመመዘን አስበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ምንጩ ዳንኤል ዲፎ በ1719 ዓ.ም. ያሳተመው የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ ነው። ክሩሶ ግን ወደ ደሴቱ የደረሰው ብቻውን ነበር። ብቸኛውን ሰው በቤተሰብ ተክቶ፣ መከራውን ወደ ጨዋታና ወደ ትምህርት የለወጠው ዮሐን ዳቪድ ቪስ የተባለ የስዊስ ቄስ ነው። ቪስ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ታሪኩንም ያዘጋጀው እነርሱን እያጫወተ ለማስተማር ነበር። ከልጆቹ አንዱ ዮሐን ሩዶልፍ አሰናድቶ በ1812 ዓ.ም. በጀርመንኛ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ፣ እየተጨመረበትና እየተቀነሰለት እስከ ዛሬ ይነበባል።

በመጽሐፉ አባትና እናት ከአራት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር በባሕር ሲጓዙ ማዕበል ይነሣና መርከባቸው ከዐለት ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። መርከበኞቹ በጀልባ ሸሽተው ይተዋቸዋል። እነርሱ ግን በርሜሎችን አያይዘው እንደ ጀልባ በመሥራት ወደ ምድር ይሻገራሉ፤ በትልቅ ዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ደራሲው ስለ ቤተሰብ ፍቅር፣ ስለ ሥራ ክብርና ስለ አእምሮ ንቃት የሚያስተምረው ትምህርት የሚናቅ አይደለም። አባትየው አንድ ቅጠል ሳያስረዳ፣ አንድ ድንጋይ ሳይመረምር አያልፍም። ልጆቹም በእጃቸው ሠርተው ይማራሉ እንጂ ቃል ብቻ አይሸመድዱም። መምህራን ይህን መጽሐፍ የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ይህ ቤተሰብ በመከራ ላይ ሳይሆን በረጅም የዕረፍት ጊዜ ላይ ያለ ሆኖ እናገኘዋለን። የተሰበረው መርከብ አዲስ ለሚቋቋም የሰፋሪዎች መንደር የሚሆን ዕቃ የጫነ ስለ ነበረ መሣሪያው፣ ዘሩ፣ ከብቱ፣ ጠመንጃውና ባሩዱ ሁሉ ከዚያ ይወሰዳል። የሚያስፈልጋቸው ነገር በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ከአጠገባቸው ይገኛል። ፔንጉዊን፣ ካንጋሮና አንበሳ በአንድ ደሴት ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለ ምድር ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ቪስ ደሴቱን የሠራው ካየው አገር ሳይሆን ከመጻሕፍት ነው፤ ከየአህጉሩ የሰበሰበውንም ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ አስገባው። ይህን ሁሉ አውሬና ተክል ሲሰበስብ ግን አንድ ነገር ረሳ፤ እርሱም የአገሩ ሰው ነው። በደሴቱ ላይ የሚኖር ሕዝብ የለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደቡን፣ ኮረብታውንና ወንዙን ደስ ባለው ስም ይጠራል፤ ያገኘውን አውሬ ይገድላል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለም ማንንም አይጠይቅም። ሕፃኑ አንባቢ የሚማረው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሩቅ አገር ባለቤት የለውም፤ መጀመሪያ የደረሰ ስም ያወጣለታል።

የስኮትላንዱ ሮበርት ባለንታይን በ1857 ዓ.ም. ያወጣው የኮራል ደሴት የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ሦስት ልጆችን ያለ ወላጅ በደቡብ ባሕር ደሴት ያሳድራል። ባለንታይን ያን አገር አላየውም ነበር። የኮኮናት ፍሬ በኤድንብራ ባለ ሱቆች መስኮት እንደሚታየው ውጫዊ ልባሱ ተገፎ በዛፍ ላይ የሚበቅል መስሎት ነበርና ልጆቹ ፍሬውን በሰንጢ ብቻ በቀላሉ በስተው ሲጠጡ ጻፈ። ስሕተቱን ካወቀ በኋላ በራሱ ላይ ፈርዶ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጽፍበትን ነገር ከምንጩ ለማየት ቈርጦ ተነሣ። ይህ ለደራሲ ሁሉ የሚያስመሰግን አርአያ ነው። ሆኖም ከኮኮናቱ የባሰው ስሕተት ሳይታረም ቀርቷል። በዚህ መጽሐፍ የደሴት ሰዎች ይታያሉ፤ የሚታዩት ግን ወይ ሰው በላ ወይም በነጮች ተሰብኮ የተመለሰ ሆነው ብቻ ነው። ቤት ያለው፣ ልጁን የሚያሳድግ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው ከመካከላቸው አይገኝም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዊልያም ጎልዲንግ የዝንቦች ጌታ በተባለው ልብ ወለዱ ለባለንታይን መልስ ሰጠ። ከባለንታይን ልጆች የሁለቱን ስም ወስዶ፣ እነዚያ ደጎች የተባሉት ተማሪዎች ሕግ ሲያጡ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጨካከኑ አሳየ። መጽሐፉ የሰውን ልብ ጨለማ በመመርመሩ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጎልዲንግ የልጆቹን ደግነት ሲገለብጥ የደሴቱን ባዶነት አልነካውም። ደሴቱ እዚህም የሌላ አገር ልጆች የሚፈተኑበት ባዶ አደባባይ ነው።

ባለቤቱ ራሱ አፉን ከፍቶ የተናገረበትን ጽሑፍ ለማግኘት ወደ ካሪቢያን ባሕር መሻገር ያስፈልገናል። ጀማይካ ኪንኬድ በ1949 ዓ.ም. በአንቲጓ ደሴት ተወልዳ፣ በልጅነቷ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄዳ ደራሲ የሆነች ሴት ናት። በ1988 ዓ.ም. ትንሽ ስፍራ የሚል ርእስ ያለው አጭር መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ልብ ወለድ ሳይሆን ለዕረፍት ወደ አንቲጓ ለሚመጣው አገር ጎብኚ ፊት ለፊት የተነገረ ወቀሳ ነው። ጎብኚው ከአውሮፕላን ወርዶ ዝናብ በሌለበት ሰማይ ሲደሰት፣ ደራሲዋ ደሴቱ በድርቅ የተቸገረ መሆኑንና የአገሩ ሰው እያንዳንዷን የውሃ ጠብታ እንደሚቈጥብ ትነግረዋለች። ሊዋኝበት ወደሚጓጓው ባሕር የመታጠቢያ ቤቱ ቆሻሻ ሳይቀር ሊገባ እንደሚችል፣ የአገሩ ምርት ነው ብሎ የሚበላው ምግብም ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣ ሊሆን እንደሚችል ታስረዳዋለች።

ከሁሉም በላይ ልባችንን የነካው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የጻፈችው ነው። በዋና ከተማው የነበረው ያ አሮጌ ቤት በ1974 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጐዳ። ደራሲዋ መጽሐፏን በጻፈች ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎት እድሳቱ ገና በመጠባበቅ ላይ ነበር። አገሪቱ በ1981 ዓ.ም. ነጻነቷን አግኝታለች፤ ለጎብኚ የሚሆን ሆቴል አላት፤ ለልጆቿ የሚሆነው የመጻሕፍት ቤት ግን ፈርሶ ቆይቷል። ደራሲዋ በልጅነቷ መጻሕፍትን አብዝታ ከመውደዷ የተነሣ ከዚያ ቤት ትሰርቅ እንደ ነበረ ሳትደብቅ ትናገራለች። እንግዲህ በዚያ ደሴት ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ ማለት ነው። አንደኛው በአሸዋው ላይ የሚጫወተው የእንግዳ ልጅ ነው፤ ሁለተኛዋ በመጽሐፍ ካልሆነ በስተቀር ወደ ሌላ አገር መሄጃ የሌላት የባለ አገር ልጅ ናት። መዝናናትን የማይመኝ ሰው የለም፤ ነገር ግን አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ከቦታው ተነሥቶ ለመሄድም ሆነ በቦታው ደስ ብሎት ለመኖር ድህነት አይፈቅድለትም። የኪንኬድ ዋና ቃል ይህ ነው፤ እውነትም ነው።

ይሁንና ለዚህ መጽሐፍ ምስጋናችንን ስንሰጥ የሚጐድለውንም ሳንናገር አናልፍም። ቁጣዋ ተገቢ ሆኖ ሳለ ለእንግዳው ምንም በር አይከፍትለትም። ጎብኚው ጥፋቱን አውቆ ምን ዓይነት እንግዳ ሊሆን እንደሚችል አታሳየውም። ዐዋቂ ሰው እንዲህ ያለውን ወቀሳ ይሸከመዋል። ከወላጆቹ ጋር የመጣው የስምንት ዓመት ልጅ ግን መንገዱን ራሱ አልመረጠም፤ ገና ሊማር ይችላል። ለእርሱ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

እንዲህ ካሉት መጻሕፍት አንዱ እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ካሮላይን ቢንች ጽፋ፣ ሥዕሉንም ራሷ ሥላ በ1994 ዓ.ም. ያወጣችው ግሬጎሪ ኩል የተባለው የሕፃናት መጽሐፍ ነው። ግሬጎሪ ከዚያ በፊት ያላያቸውን አያቶቹን ሊጠይቅ ወደ ቶቤጎ ደሴት የሚሄድ የከተማ ልጅ ነው። «ኩል» የሚለው ቃል በዘመኑ ልጆች ቋንቋ ምንም የማያስደንቀው፣ ኰራ ብሎ የሚታይ ሰው ማለት ነው። ግሬጎሪም እንዲህ ሊሆን ይሞክራል። ሙቀቱ ይከብደዋል፤ የአያቱ ምግብ አይጥመውም፤ የአጎት ልጅ የሆነው ሌኖክስ የሚያውቀውን ሁሉ እርሱ አያውቅም። ኋላ ግን ከዘመዶቹ ጋር ወደ ባሕር ወጥቶ ሲውል ኩራቱ ይላላና ልቡ ይከፈታል።

ይህች ጥቂት ገጽ ያላት መጽሐፍ ትልልቆቹ ያላደረጉትን አድርጋለች። በዚህ ደሴት ላይ በር አለ፤ በበሩም ላይ የቆመች አያት አለች። ሕፃኑ ለወደብና ለኮረብታ ስም አያወጣም፤ የነበረውን ስም ከሌኖክስ ይማራል እንጂ። የቪስ ልጆች ሁሉን በአባታቸው ዕውቀት ያሸንፋሉ፤ ግሬጎሪ ግን አለማወቁን በባለ አገሩ ልጅ ፊት ይማራል። የሕፃን ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ መጽሐፏ ከትችት አታመልጥም። አያትና የልጅ ልጅ ባሕር ለያይቷቸው ሳይተዋወቁ የኖሩት በምን ምክንያት እንደ ሆነ በሰፊው አትመረምርም፤ የደሴቱ ፀሐይ በሥዕሎቿ ውስጥ ያበራል እንጂ ድርቅ አያመጣም። የኪንኬድ እውነትና የቢንች ርኅራኄ በአንድ መጽሐፍ ቢገናኙ ምንኛ ያማረ ነበር!

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በሌሎችም የውጭ ከተሞች ተወልደው አማርኛውን እየተኰላተፉ የሚያድጉ ልጆች አሉን። በዕረፍታቸው ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ከአያታቸው ደጅ ይቆማሉ። ቡናው ሲፈላ ጭሱ ያስላቸዋል፤ ሦስቴ ሲሳሙ ይደናገራሉ፤ የአክስታቸው ልጅም ይሥቅባቸዋል። ይህ ልጅ የግሬጎሪ ወንድም ነው። አያቲቱ ልጁ ከመድረሱ በፊት ያሰበችውን፣ ለመስተንግዶው ስትል ያጐደለችውንና ከሄደ በኋላ የሚሰማትን ጭምር አስተውሎ የሚጽፍ ደራሲ ከመካከላችን ቢነሣ ለሁለቱም ወገን ልጆች ታላቅ ስጦታ በሰጠ ነበር።

እንግዲህ ሐሳባችንን ስንጠቀልለው፣ የልጅን የዕረፍት ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ ዋጋው በባሕሩ ውበትና በዘንባባው ጥላ የሚለካ አይደለም። መለኪያው ልጁ ከሄደበት አገር ሲመለስ ከባለቤቶቹ የስንቱን ስም ይዞ ተመለሰ የሚለው ነው። መምህራን የቪስን መጽሐፍ ለተማሪዎቻቸው ሲያነቡ፣ የዚህ ደሴት ሰዎች የት ሄዱ? ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ መጽሐፉን ከመከልከል ይህ ይሻላል። አገር ለጎብኚ እንድታምር የሚደክሙ ሹማምንትም የአንቲጓን ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቡ እንለምናለን። በ1974 ዓ.ም. የተጐዳው ያ ቤት ተተክቶ አዲሱ የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ አርባ ዓመት ውስጥ በደሴቱ ሆቴሎች የሰነበቱ የእንግዳ ልጆች አያሌ ናቸው፤ የባለ አገሩ ልጅ ግን መጽሐፍ ሲጠብቅ አድጎ፣ አግብቶ፣ የልጅ አባት ሆኗል።